ያልተመዘገበ ስም ወሰን እንደሌለው ማሳ ነው

አእምሯዊ ንብረት ለአርሶ አደሩና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ያለው ጥቅም
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







መግቢያ

እንደሚታወቀው በገጠሩ ኅብረተሰብ ዘንድ እንደ ወሰን ክርክር ወንድምን ከወንድም፣ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላ ነገር ጥቂት ነው። ማሳው ተለክቶ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በአርሶ አደሩ እጅ ከገባ ወዲህ ግን ክርክር ቢነሳ እንኳ የሚዳኝበት ነገር ተገኝቷል። ሽማግሌውም ሆነ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ደብተሩ የታለ?» ብለው ነው።

ይሁን እንጂ አርሶ አደሩ እስከ ዛሬ ደብተር ያላወጣለት ሌላ ንብረት አለው። ይህም ንብረት አያት ቅድመ አያቶቹ መርጠው ያቆዩት ዘር፣ የአካባቢው ምርት በገበያ የታወቀበት ስም፣ ባለሙያው አስቦ የሠራው መሣሪያ፣ የኪነት ቡድኑ የደረሰው መዝሙርና ድራማ ነው። በሬ የተሰረቀ እንደሆነ ጋጣው ባዶ ሆኖ ስለሚገኝ ባለቤቱ ሳይረፍድ ያውቃል። ስምና ዕውቀት ሲወሰዱ ግን ጋጣው ባዶ አይሆንም። ባለቤቱ በስሙ መጠራቱን፣ በዕውቀቱም መሥራቱን ይቀጥላል፤ ጥቅሙ ግን በሌላ በኩል ይሄዳል። ጉዳቱ የሚታወቀውም ብዙውን ጊዜ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ከረፈደ በኋላ ነው።

አእምሯዊ ንብረት ምንድን ነው?

አእምሯዊ ንብረት ማለት ሰው በአእምሮው አስቦ ለሚያስገኘው ሥራ ሕግ የሚሰጠው የባለቤትነት መብት ነው። በአገራችን ይህን ሥራ የሚያስተባብር ራሱን የቻለ ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቁጥር 320/1995 ተቋቁሟል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ተብሎ ይጠራል። ለአርሶ አደሩና ለማኅበራቱ ይበልጥ የሚቀርቡት መብቶች አራት ናቸው።

አንደኛው የንግድ ምልክት ነው። ይህ አንዱን ምርት ከሌላው የሚለይ ስም፣ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ሲሆን የሚመዘገበው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ነው። ጥበቃው ለ7 ዓመት ይቆያል፤ በየ7 ዓመቱም ሊታደስ ይችላል።

ሁለተኛው ፓተንት ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት አዲስ ለሆነና በሥራ ላይ ሊውል ለሚችል ፈጠራ ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥም 5 ዓመት ሊጨመርበት ይችላል። ይኸው አዋጅ ለአነስተኛ ፈጠራዎች የግልጋሎት ሞዴል የሚባል ሰርተፊኬት ለ5 ዓመት ይሰጣል፤ ይህም ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል።

ሦስተኛው የቅጂ መብት ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተደነገገ ነው። ለጽሑፍ፣ ለዜማ፣ ለሥዕልና ለመሳሰሉት የሚሰጥ ሆኖ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል።

አራተኛው ማኅበረሰቡ በዘሩና በባህላዊ ዕውቀቱ ላይ ያለው መብት ነው። ይህም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የተጠበቀ ነው።

እነዚህ መብቶች በተግባር ምን እንደሚያስገኙና ጥንቃቄ ሲጎድል ምን እንደሚያሳጡ ለመረዳት ከአገራችን የቡናና የጤፍ ታሪክ የተሻለ አስተማሪ የለም።

የቡናው ክርክር

የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ቡና በዓለም ገበያ የታወቀ ስም ካተረፈ ቆይቷል። የውጭ አገር ሸማች በቡናው ከረጢት ላይ ይህን ስም ሲያይ ተጨማሪ ዋጋ ለመክፈል አያመነታም። ነገር ግን ከችርቻሮው ዋጋ ወደ ኢትዮጵያ የሚመለሰው ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆነ ክርክሩ በተነሳበት ጊዜ ሲነገር ነበር። ቡናውን ያመረተው አርሶ አደር በስሙ ላይ ምንም የተመዘገበ መብት ስላልነበረው ከስሙ የሚገኘው ትርፍ ቆሊውና ቸርቻሪው ዘንድ ይቀር ነበር።

ይህን ለመለወጥ የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓ.ም መጋቢት ወር ሦስቱን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በአሜሪካ ማመልከቻ አቀረበ። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን ስታርባክስ የተባለው ታላቁ የቡና ኩባንያ ሲዳሞ የሚለው ስም ያለበትን ምልክት ለማስመዝገብ አመልክቶ ኖሮ የኢትዮጵያ ማመልከቻ ከዚሁ ጋር ተጋጨ። ኩባንያው በ1998 ዓ.ም ማመልከቻውን ቢያነሳም የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ደግሞ ተቃውሞ አቀረበ። መከራከሪያውም እነዚህ ስሞች የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋልና የማንም የግል ንብረት ሊሆኑ አይችሉም የሚል ነበር። የአሜሪካው መሥሪያ ቤትም የሐረርንና የሲዳሞን ማመልከቻ መጀመሪያ ላይ አልተቀበለውም።

ነገሩን ወደ ማሳ መልሶ ማየት ይቻላል። ሰው ሁሉ ለብዙ ዘመን ሲመላለስበት የኖረን ማሳ ባለቤቱ ዘግይቶ ላጥር ቢል «ይህማ የሁሉም መንገድ ነው» ይባላል። በቡናው ስም ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ቢሆንም ኢትዮጵያ ወደ ኋላ አላለችም። የይርጋጨፌ ስም በ1998 ዓ.ም ነሐሴ ወር በአሜሪካ ተመዘገበ። በ1999 ዓ.ም ሰኔ ወር ስታርባክስ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ስምምነት ፈረመ። ሲዳሞና ሐረርም ማስረጃ ቀርቦላቸው በ2000 ዓ.ም ተመዘገቡ። በጃፓንም የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ምዝገባውን ተቃውሞ ክርክሩ እስከ 2002 ዓ.ም ድረስ በፍርድ ቤት ቆይቷል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው መንግሥት የመረጠው መንገድ ነው። በአንዳንድ አገሮች የአካባቢ ምርት የሚጠበቀው እያንዳንዱ ምርት ከየት እንደመጣ ተመርምሮ ማረጋገጫ እየተሰጠ ነው። የአገራችን ቡና ግን የሚመረተው በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ አነስተኛ ማሳዎች ላይ ነው። በእግርና በአህያ ተጭኖ ወደ ገበያ የሚወጣን ቡና ሁሉ እየተከታተሉ ማረጋገጫ መስጠት ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል፤ ወጪውም ዞሮ ዞሮ በአርሶ አደሩ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ስሙ በመንግሥት ስም በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገብና የውጭ ገዢዎች ያለ ክፍያ ፈቃድ ወስደው፣ በምላሹ ስሙን በአግባቡ እንዲጠቀሙበትና እንዲያስተዋውቁት ተደረገ። ዓላማውም የስሙ ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር የአርሶ አደሩ የመደራደር አቅም ከፍ እንዲል ነው።

እርግጥ ምዝገባ ብቻውን ዋጋ አይጨምርም። እሸቱን ከደረሰው ቀላቅሎ የለቀመ፣ በመሬት ላይ ያደረቀ ቡና ስሙ ቢመዘገብም ባይመዘገብም ገዢ አያከብረውም። ጥራት የሌለው ስም ባዶ ጎተራ ነው። ጥራት ኖሮት ስሙ ያልተጠበቀ ምርት ደግሞ በሩ ያልተዘጋ ሙሉ ጎተራ ነው። ሁለቱም አብረው መሄድ አለባቸው።

የጤፉ ጉዳይ

በቡናው ስም ላይ ኢትዮጵያ በጊዜ ነቅታ ተከራክራለች። በጤፍ ላይ የደረሰው ግን ከዚህ የተለየ ነው።

በ1997 ዓ.ም የአገራችን የብዝሃ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት አደረጉ። ኩባንያው የኢትዮጵያን የጤፍ ዝርያዎች ወስዶ በአውሮፓ የጤፍ ምግብ እያመረተ እንዲሸጥ፣ ከሚያገኘው ጥቅምም ለኢትዮጵያ እንዲያካፍል ነበር የታሰበው። ስምምነቱ በወቅቱ ለሌሎች አገሮች ጭምር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር።

ነገር ግን ኩባንያው ከስምምነቱ አስቀድሞ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ማመልከቻ በአውሮፓ አስገብቶ ነበር። ፓተንቱም በ1999 ዓ.ም ተሰጠው። ፓተንቱ የሚሸፍነው ከአጨዳ በኋላ ቆይቶ የተፈጨ፣ የተወሰነ ጠባይ ያለውን ዱቄትና ከዚያ የሚሠሩ ምግቦችን ነው። ጤፍን በጎተራ አቆይቶ መፍጨት ለኢትዮጵያዊት እናት እንግዳ ነገር አለመሆኑን ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። ኩባንያው በ2001 ዓ.ም መክሰሩ ሲታወጅ ስምምነቱ የሚጠየቅበት አካል አጣ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ ኩባንያ እጅ ሆኖ ቀጠለ። ኢትዮጵያ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያገኘችው ገንዘብ ከጥቂት ሺህ ዩሮ አይበልጥም።

በመጨረሻም በ2011 ዓ.ም ኅዳር ወር የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ የፈጠራ ብልኃት የለውም በማለት በኔዘርላንድ ውስጥ ዋጋ እንዳይኖረው ወሰነ። ክርክሩን ያነሱት ግን ኢትዮጵያውያን አልነበሩም። አንድ ሌላ የኔዘርላንድ ኩባንያ የጤፍ ውጤቶችን በመሸጡ ከፓተንቱ ባለቤት ጋር ሲካሰስ የተገኘ ውሳኔ ነው። ውሳኔውም የሚጸናው በኔዘርላንድ ብቻ ነበር።

ከዚህ ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ውል ከመፈረሙ በፊት ሌላው ወገን ቀድሞ ምን እንዳስመዘገበ መጣራት አለበት። ሁለተኛው ውል የሚጸናው ተከታታይ ሲኖረው ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው ደግሞ የባህል ዕውቀት በጽሑፍ ሳይሰፍር ሲቀር ሌላው እንደ አዲስ ግኝት አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል። እናቶች በእጃቸው የሚያውቁት ነገር በወረቀት ላይ ስላልነበረ ብቻ የማይታወቅ መሰለ።

የአርሶ አደሩ ፈጠራ

ፈጠራ የሚለው ቃል የፋብሪካና የላቦራቶሪ ነገር ብቻ መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። ይህ ስሕተት ነው። ለምሳሌ በዶ/ር መለሰ ተመስገን የተሠራው አይባር ቢቢኤም የተባለው መሣሪያ በተለመደው ማረሻ ላይ የሚገጠም ቀላል ነገር ነው። ሆኖም ውኃ በሚቋጥር መረሬ አፈር ላይ መደብ እየሠራ ትርፉን ውኃ በማጠንፈፉ ጥቅሙ የጎላ ሆኗል። መፍትሔው የተገኘው አርሶ አደሩ በየክረምቱ የሚቸገርበትን ነገር በማስተዋል ነው።

በየቀበሌው እንዲህ ያለ ማስተዋል ያላቸው ሰዎች አሉ። የበቆሎ መፈልፈያ የሚሠራ፣ የንብ ቀፎ የሚያሻሽል፣ የውኃ መሳቢያ የሚያበጅ አይጠፋም። ችግሩ የሚመጣው በመስክ ቀን ነው። አርሶ አደሩ ሥራውን በደስታ ያሳያል፤ እንግዳው ፎቶ ያነሳል፤ ጭብጨባ ይሆናል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው መሣሪያ ከከተማ ብየዳ ቤት ተሠርቶ ለገበያ ቢቀርብ አርሶ አደሩ የሚያሳየው ማስረጃ የለውም። ከዚህም በላይ ፈጠራ ጥበቃ የሚያገኘው አዲስ ሲሆን ነውና በአደባባይ ከታየ በኋላ ማመልከቻ ማቅረብ መብቱን ሊያሳጣ ይችላል። በመሆኑም ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ማመልከት፣ ቀጥሎ ማሳየት መሆን አለበት።

እዚህ ላይ የልማት ሠራተኛውና የወረዳው ጽሕፈት ቤት ኃላፊነት ከባድ ነው። የመስክ ቀን የሚያዘጋጁት እነርሱ ናቸውና አርሶ አደሩን ለጭብጨባ ብቻ ማቅረብ በቂ አይደለም። መሣሪያውን ከማሳየቱ በፊት ሥዕሉ እንዲነሳ፣ አሠራሩ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ለግልጋሎት ሞዴል ወይም ለፓተንት የሚበቃ መሆኑም እንዲጠየቅ ማድረግ ይገባቸዋል።

ከዩኒየኑና ከአባላቱ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፤ ዩኒየኑ ስሙንና ዓርማውን ያስመዝግብ። በኅብረት ሥራ ማኅበርነት መመዝገብና የንግድ ምልክት ማስመዝገብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ለማኅበሩ ሰውነት ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው በጆንያው ላይ ያለውን ስም ይጠብቅለታል። አንድ ነጋዴ የዩኒየኑ ስም የታተመበትን ባዶ ጆንያ ሰብስቦ አፈርና ገለባ የተቀላቀለበት እህል ሞልቶ ቢሸጥ የሚበላሸው የአባላቱ ስም ነው። ምልክቱ ተመዝግቦ ከሆነ ዩኒየኑ ሰርተፊኬቱን ይዞ ማስቆም ይችላል። ካልተመዘገበ ግን ስሙ የራሱ መሆኑን ለማስረዳት ረጅም ክርክር ይጠብቀዋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ አጥር የሌለው ግን የሚነቀነቅም የለው።

ሲያስመዘግብ የሚመርጠው ምልክትም ሊታሰብበት ይገባል። «ነጭ ጤፍ» ወይም «ንጹሕ ማር» የሚል ጽሑፍ የምርቱን ዓይነት ብቻ ስለሚናገር የአንድ ባለቤት ምልክት ሊሆን አይችልም። ልዩ የሆነ ስም ወይም ሥዕል ያስፈልጋል። አዋጁ የጋራ የንግድ ምልክትም ስለሚፈቅድ መሠረታዊ ማኅበራት በአንድ ምልክት ሥር ሆነው አንድ የጥራት ደንብ እያከበሩ ሊሸጡ ይችላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል በገበያም ይሠራል።

ሁለተኛ፤ ዓርማውን የሣለው፣ መዝሙሩን የደረሰው፣ ፎቶውን ያነሳው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቅ፤ ከእርሱም ጋር በጽሑፍ ስምምነት ይደረግ። የቅጂ መብት ያለ ምዝገባም የሚገኝ ስለሆነ ዩኒየኑ የከፈለበት ሥራ ሁሉ ያለ ጥያቄ የራሱ ነው ብሎ መተማመን አይገባውም። የወጣቶች ኪነት ቡድን ሥራም ሲቀረጽና ሲባዛ የደራሲዎቹ ስም ሊጠቀስ፣ ድርሻቸውም ሊታሰብ ይገባል። መብቱ እንዲከበርለት የሚሻ ማኅበር የሌላውን መብት ቀድሞ ያከብራል።

ሦስተኛ፤ ዘርና ባህላዊ ዕውቀት ለመሰብሰብ የሚመጣ ሰው ፈቃዱን ያሳይ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የዘር ሀብትንም ሆነ ከዚሁ ጋር የተያያዘ የማኅበረሰብ ዕውቀትን ለመውሰድ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። ማኅበረሰቡ ስለ ዕውቀቱ አስቀድሞ ሊጠየቅና ሊስማማ ይገባል፤ ጉዳት ያመጣብኛል ሲልም የመከልከል መብት አለው። ከዘር ሀብቱ መንግሥት በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም ውስጥም 50 በመቶው የማኅበረሰቡ ነው። እንግዳ ሰው በተሽከርካሪ መጥቶ ገብስና ስንዴ በየዓይነቱ እፍኝ እፍኝ ሲጠይቅ፣ የመድኃኒት ቅጠል ስምና ጥቅም ሲመዘግብ «እንግዳ ነው፣ አይከፋውም» ብሎ ዝም ማለት ደግነት ሳይሆን አደራን መዘንጋት ነው። ውኃውንና ማረፊያውን ሰጥቶ ፈቃዱን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ይህ ማለት ግን ጎረቤት ከጎረቤት ዘር አይለዋወጥ ማለት እንዳልሆነ በግልጽ ሊታወቅ ይገባል። አዋጁ በማኅበረሰቦች መካከል ያለውን የቆየ የዘር ልውውጥ አይነካም። ዘር ለጎረቤት ማበደር፣ በገበያ መለዋወጥ፣ ለልጅ መስጠት እንደ ድሮው ይቀጥላል። ዘሩ እስከ ዛሬ የቆየው በዚሁ ልማድ ነውና።

አራተኛ፤ ዩኒየኑ አንድ መዝገብ ይክፈት። በዚህ መዝገብ ላይ አባላት የሚያውቋቸው የዘር ዓይነቶች፣ የሚጠሩባቸው ስሞች፣ ጠባያቸውና የሚዘሩበት መሬት፣ እንዲሁም ማን እንደተናገረና መቼ እንደተመዘገበ ይጻፍ። ምስጢር የሆነው ዕውቀት በምስጢር እንዲያዝ ተደርጎ የሚያየው ሰው ይወሰን። ይህን ለመጀመር ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ቁልፍ ያለው ሳጥን ይበቃል። ነጩንና ጥቁሩን ገብስ በጣታቸው ዳስሰው የሚለዩ አረጋውያን በየዓመቱ እየተለዩን ነው። ከእነርሱ ጋር የሚቀበረውን ዕውቀት የትኛውም ፍርድ ቤት አይመልሰውም።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ የአእምሯዊ ንብረት ሕግ ለከተማ ነጋዴና ለውጭ ኩባንያ ብቻ የወጣ አይደለም። የቡናው ታሪክ እንዳሳየው የተመዘገበ ስም ያለው ድሃ አገር ከታላቅ ኩባንያ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ ይደራደራል። የጤፉ ታሪክ እንዳሳየው ደግሞ ቀድሞ ያልተመዘገበ ዕውቀት ባለቤቱ ሳይጠራ ሌሎች የሚከራከሩበት ይሆናል። የአንዱ አገር ምዝገባም በሌላው አገር ስለማይሠራ፣ ጊዜውም ሲያልቅ መታደስ ስላለበት፣ ሥራው አንድ ጊዜ ተጀምሮ የሚተው አይደለም።

ዩኒየኑ በእነዚህ ዓመታት መጋዘን ሠርቷል፣ ሚዛን ተክሏል፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አቅርቧል። እነዚህ ሁሉ የሚቆለፉ በሮች፣ የሚጠብቁ ዘበኞች አሏቸው። አሁን የቀረው በጆንያው ላይ ለተጻፈው ስምና በአባላቱ አእምሮ ውስጥ ላለው ዕውቀት ዘበኛ ማቆም ነው። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የንግድ ምልክት ማስመዝገብና የዕውቀት መዝገብ መክፈት በአጀንዳ ተይዘው ውሳኔ ቢሰጥባቸው የዛሬው በዓል ከድግስነት ያለፈ ፍሬ ያፈራል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ሥራው ክርክር ሳይመጣ ዛሬውኑ ይጀመር።